ወደ ቦንጋኒ የወጣንበት ሐሙስ

የተጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ቆሟል። ከድንኳኑ ውጭ ሁለት እጄን ብብቴ ሥር ቀብሬ ሻይ እስኪፈላ እጠብቃለሁ። ከመገናኛ ድንኳኑ በሬዲዮ የቦንጋኒ ድምፅ መጣ። ቦንጋኒ ሳይቀልድ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ሰው ነበር። ያን ዕለት አልቀለደም።

«ከታች ያላችሁ፤ ቦንጋኒ ነኝ። ተመትተናል። ታቦ ሞቷል። ማንድላ ጭኑን ተመትቶ ይደማል። እኔ ደህና ነኝ። ጥይት አለኝ፣ ግን ጥቂት ነው። ኑ።»

ሦስቱ ቃፊሮቻችን ነበሩ። ከሁለት ቀን በፊት ነው ድራከንስበርግ ተራሮች ላይ ካሉት ጫፎች ወደ አንዱ የወጡት። ድንበሩ ጫፉ ላይ ነው፤ ወዲህ ደቡብ አፍሪካ፣ ወዲያ ሌሶቶ። ከጫፉ ሥር ከብት የሚያልፍበት ጠባብ በር አለ። ከገበሬዎች የዘረፉትን ከብት በዚያ በር የሚያሻግሩ የታጠቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከሁለቱም አገር የተሰባሰቡ። ክላሽ አላቸው፣ ፈረስ አላቸው፣ ተራራውንም ከእኛ አብልጠው ያውቁታል። ጫፉን የያዘ በሩን ይዘጋዋል። ስለዚህ ጫፉን ፈለጉት።

ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ያላችሁ ታናናሾቼ ስለዚያ ቀን ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። በቃል መናገር ስለማይሆንልኝ ጻፍኩት።

እኛ ተጠባባቂ ጦር ነበርን። የጆሃንስበርግ ሰዎች። በሥራ ቀን አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ ሌላው መጋዘን ይጠብቃል፣ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ወደዚህ አገር የመጣሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ዜግነት አግኝቼ፣ በሕክምና ረዳትነት ተመዘገብኩ። የጥሪው ስልክ ሲደወልልኝ ፎርድስበርግ፣ አባቴ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነበርኩ።

«ሰሚራ፣ ይህ አገር ወታደር አጥቶ ነው አንቺ ላይ የደረሰው?» አለኝ አባቴ።

«የምሄደው እኮ ሕክምና ረዳት ሆኜ ነው፣ አባ።»

«ጥይቱ ይህን ያውቃል?»

ጉንጩን ስሜው ወጣሁ።

ክፍላችን ውስጥ ስሜን የሚጠራ አልነበረም። ሕክምና ረዳት ሁሉ «ዶክ» ነው። ቦንጋኒ የካትሌሆንግ ልጅ ስለሆነ ከሰፈሩ የሐበሻ ሱቅ ሁለት የአማርኛ ቃል ለቅሟል፤ «እሺ» እና «የለም»። ምግብ በታደለ ቁጥር ከፊቴ ይቀመጥና፣ የሥጋ ቆርቆሮዬ ሐላል ስላልሆነ ይወስድብኛል፤ የባቄላ ቆርቆሮውን ይሰጠኛል። «ዶክ፣ ሃይማኖትሽን እንዳትለውጪብኝ። እከሳለሁ» ይል ነበር።

የሚቀጥለውን እንድትረዱ ስለ ሬዲዮው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንደ ቡድን መሪዎቹ ሁሉ እኔም ትከሻዬ ላይ መገናኛ ሬዲዮ ነበረኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ተናገርኩበት። ድምፄ ቀጭን ነው፣ እንግሊዝኛዬ ላይም አገሬ ይሰማል። አሥር አለቃ ዛኔሌ ወዲያው ገብታ «ሬዲዮው ውስጥ አይጥ ገብታለች፤ ማነው ዳቦ የጣለበት?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዛኔሌ ክፉ ሰው አይደለችም። የድንኳን ጓደኛዬ ናት፤ ሲበርደኝ ካልሲዋን የምትሰጠኝ፣ ያለ ሚስማርና ያለ መዶሻ ድንኳን የምትተክል፣ ከሁላችንም በላይ አነጣጥራ የምትተኩስ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ካልተጠራሁ በቀር የሬዲዮውን ቁልፍ አልነካም ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ መቶ አለቃችን ሰበሰቡን።

«ሄሊኮፕተር የለም። ደመናው ካልተነሣ አይበርም። ማንድላ እስከ እኩለ ቀን ቢቆይ ነው። ሦስት ቡድን እንሆናለን። ሃምሳ አለቃ ሞሎይ በመሃል፤ ዶክ ከእሳቸው ጋር። ዛኔሌ በቀኝ፣ ገደሉን ዞራ። የግራው ቡድን መትረየሱን ይዞ ሽፋን ይሰጣል።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጉም ይመጣል። ስለዚህ ስሙኝ። እረኞቹ ከበረዶው በፊት ወርደዋል፤ ላይ ሰላማዊ ሰው የለም። የራስ ቁር ያደረገ የእኛ ነው። ብርድ ልብስ የለበሰ ጠላት ነው። ከእናንተ መካከል ከደንብ ልብሱ ውጭ አንድ ነገር የሚደርብ ካለ፣ ከመደረቡ በፊት በሬዲዮ ይናገራል። ገባችሁ?»

«ገብቶናል።»

እኔም ገብቶናል አልኩ።

አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። አሥራ ስምንት ሰዎች። ከሃምሳ አለቃ ሞሎይ በቀር በረዶ የረገጠ አንድም አልነበረም። እሳቸው በልጅነታቸው ከእነዚህ ተራሮች ሥር ነው ያደጉት። ከመነሣታችን በፊት ከወጥ ቤቱ ባዶ የዳቦ ፕላስቲክ ሰብስበው አደሉን።

«በካልሲና በጫማ መካከል አድርጉት። ሳቁ፣ ግዴለም። ማታ የእግር ጣት ይኖራችኋል።»

መስከረም ነበር፣ የዚህ አገር ጸደይ። ከጆሃንስበርግ ስንወጣ የኮክ ዛፎቹ አብበው ነበር። እዚህ በረዶው እስከ ጉልበታችን ደረሰ። የላዩ ዱቄት ነው፣ የታቹ የጠጠረ ነው። አንድ እርምጃ ስንወጣ ግማሹን እንንሸራተታለን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ጠመንጃችንን ጀርባችን ላይ አንግተን በእጅና በእግር ዳኽን። ድንጋዩን የያዘ ጓንት ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ማንም አያወራም፤ ትንፋሽ የለም።

ከፊቴ የነበረው ጃኮብ የክሊፕታውን ሰው ነው። ለአፍታ ቆም ስንል ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክ፣ ከዚህ በረዶ በጠርሙስ ለልጄ እወስድላታለሁ።»

«ይቀልጣል።»

«እሱን አውቃለሁ። ግን ውሃ አምጥተህ በረዶ ነው ትለኛለህ ብላ ትሰድበኛለች፤ ስድቧ ናፍቆኛል።»

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጠባቡ ሸለቆ ውስጥ እንዳለን፣ ከላይ ተኩስ ተከፈተብን። መጀመሪያ ድምፁን አልሰማሁም። ከፊቴ በረዶው በመስመር ሲነሣ አየሁ። ተኛን። የሚያስጥል ድንጋይ ጥቂት ነው። ጃኮብ ተንበርክኮ ነበር፤ ለመተኛት አልደረሰም። ጥይቱ ከአንገቱ ሥር ገብቶ በትከሻው ወጣ። በላዬ ተንሸራቶ መጣ። በሁለት እጄ ጫንኩት። ደሙ በጣቶቼ መካከል ወጣ፤ ሙቅ ነበር፤ በረዶው ላይ ሲወድቅ ይጨሳል። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ሊናገር ሞከረ፤ ደም ብቻ መጣ። የግራው ቡድን መትረየስ ከታች መለሰላቸው። ጃኮብ ሲሞት እጄ አንገቱ ላይ ነበር፤ የልቡ ምት ሲቆም በጣቶቼ አወቅሁት። እጄን ግን አላነሣሁም።

ሃምሳ አለቃ ሞሎይ በደረታቸው እየተሳቡ መጡ።

«ዶክ፣ ይህ አልቋል።»

«አውቃለሁ።»

«ላይ ያላለቁ አሉ። ተነሺ።»

ተነሣሁ። እጄን በበረዶው አበስኩ። ጃኮብን እዚያው ትተነው ወጣን።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። እንሮጣለን፣ እንወድቃለን፣ እንተኩሳለን። አንድ የእኛ ሰው ሁለት ጣቱን ጥይት ወሰደበት፤ አሰርኩለት፤ በሌላው እጁ ተኮሰ። ከላይ አንድ ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ፣ የቦንጋኒን ጠመንጃ እንሰማለን። ጥይት እየቆጠበ ነበር። ሲዘገይ ሁላችንም እንቆማለን። ሲተኩስ እንቀጥላለን።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከጫፉ በታች ወዳለችው የእረኞች የድንጋይ ጎጆ ደረስን። ሌቦቹ ምሽግ አድርገዋት ነበር። ሞሎይ በግድግዳው ሥር ተጠግተው በበሩ በኩል አንድ ካዝና ሙሉ ጥይት አራገፉ። ገባን። ሁለት ሰዎች ወድቀዋል። አንዱ አፉ ውስጥ ያላኘከው ዳቦ ነበር። ሦስተኛው በመስኮቱ ሊወጣ ሲል ከውጭ ያሉት መቱት፤ ግማሽ አካሉ መስኮቱ ላይ ቀረ። እሳታቸው ይነዳል። ከእሳቱ አጠገብ ብርድ ልብሶች ተከምረዋል።

ብርድ ልብስ ስል ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው። አባቴ ሱቅ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ስነካ የትኛው ሱፍ፣ የትኛው ቅልቅል እንደሆነ እለያለሁ፤ ደንበኞች ይገረሙብኝ ነበር። የላይኛውን ነካሁት። ንጹሕ ሱፍ። ወፍራም፣ ከባድ፣ ቢርስ እንኳ ሙቀት የማይለቅ። ላይ ምን እንደሚጠብቀኝ ስለገመትኩ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። ብልህ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጫፉ ላይ ደረስን።

ታቦ በጀርባው ተኝቷል፤ ፊቱን በረዶ ሸፍኖታል። ማንድላ ሁለት ድንጋዮች መካከል ነው፤ ከላዩ የራሱም የቦንጋኒም ጃኬት አለ። ቦንጋኒ በሸሚዝ ነበር። ሸሚዙ ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደ ቆርቆሮ ሆኗል። አምስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነበር።

«ዶክ» አለኝ። ምላሱ ተሳስሯል። «ዘገያችሁ። ትራፊክ ነበር?»

«መኪና ማቆሚያ አጥተን ነው።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዘውም። አይንቀጠቀጥም። በብርድ መንቀጥቀጥ ያቆመ ሰው ከሚንቀጠቀጠው ይብሳል። ግን የሚደማው ይቀድማል፤ ወደ ማንድላ ሄድኩ። ቦንጋኒ በቀበቶው አስሮለት ነበር፤ ነፍሱን ያተረፈው ያ ቀበቶ ነው። በላዩ የራሴን ማሰሪያ ጨመርኩ። የነበረችኝን አንዲት ሙቀት መያዣ ላስቲክ አለበስኩት። ከዚያ ወደ ቦንጋኒ ዞርኩ። ሸሚዙን በመቀስ ቀደድኩት። የራስ ቁሩ ውስጡ በረዶ ሞልቶ ከጸጉሩ ጋር ተጣብቋል፤ በቀስታ አወለቅሁት። የሱፉን ብርድ ልብስ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ጠቀለልኩበት። ከጆሮው በላይ ደጋግሜ አጠበቅሁት።

«አትነሣም። ሰማኸኝ? ምንም ቢሆን አትነሣም።»

በአማርኛ «እሺ፣ እሺ» አለኝ።

ያኔ የመቶ አለቃው ቃል ትዝ አለኝ። የዛኔሌ ቡድን ገና ገደሉን እየዞረ ነው፤ ብርድ ልብሱን አላዩም። እጄን ወደ ሬዲዮው ሰድጄ ቁልፉን ተጫንኩ። ሞሎይ እየተናገሩ ነበር። ለቀቅሁት። ይጨርሱ አልኩ። ጨረሱ። ዛኔሌ መለሰችላቸው፤ ልትደርስ አሥር ደቂቃ ይቀራታል። ከእሷ በኋላ የግራው ቡድን ገባ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን በልቤ አዘጋጃለሁ፤ እንዳልሳሳት፣ አጭር እንዲሆን፣ እንዳይሳቅ። አዎ፣ እዚያ ላይ ሆኜም እንዳይሳቅብኝ አሰብኩ። መስመሩ ዝም አለ። አፌን ስከፍት ማንድላ ጮኸ። ማሰሪያው ላልቷል። ወደ እሱ ዞርኩ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ አልኩ።

አጥብቄ ስጨርስ ጉሙ ደርሶ ነበር።

ከሌሶቶ በኩል ነው የመጣው፤ ነጭ ግድግዳ ሆኖ። ከእሱ ጋር ሌቦቹ መጡ። ሃያ እርምጃ እስኪቀራቸው አላየናቸውም። ስድስት፣ ምናልባት ሰባት። ሞሎይ «ፊት ለፊት!» ብለው ጮኹ። ሁላችንም ተኮስን። እኔም ተኮስኩ፤ መታሁ አልመታሁ አላውቅም። አንዱ እየሮጠ እስከ ድንጋያችን ደረሰ። ሞሎይ በሰደፍ ፊቱን መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ፤ ወደቀ፤ ደገሙት። አንድ ሰው በሶቶ ቋንቋ እናቱን ይጣራል፤ የእነሱ ይሁን የእኛ አልለየሁም። ማንድላ ላይ ተኝቼ ነበር።

ቀና ስል ቦንጋኒ ቆሟል።

ብርዱ አእምሮውን ነክቶት ነበር፤ «አትነሣም» ያልኩት አልገባውም። ተኩስ ሰማ፣ ተነሣ። ብርድ ልብሱ ከራሱ እስከ ጉልበቱ እንደተጠቀለለ ነው። ጠመንጃውን ይዞ በእኔና በጉሙ መካከል ቆመ። አፈሙዙ ወደ ጠላት ነበር። ይህን ለእናቱ ነግሬያታለሁ፣ ለእናንተም እነግራችኋለሁ፤ አፈሙዙ ወደ ጠላት ነበር።

ከቀኝ አንድ ጥይት። አንድ ብቻ። ዛኔሌ ጥይት አታባክንም።

ቦንጋኒ በፊቱ ወደቀ።

ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለው ሬዲዮ ተናገረ። «ዛኔሌ ነኝ። ጫፉ ላይ ደርሰናል። ብርድ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ዶክ ላይ ቆሞ ነበር። ጥዬዋለሁ። ዶክ፣ ደህና ነሽ? ዶክ፣ መልሺልኝ!»

ቁልፉን ተጫንኩ። ድምፅ አልወጣኝም።

«ዶክ! እህቴ፣ እባክሽ መልሺ!»

ሞሎይ ዞር ብለው አዩን። ፊታቸው ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። «ቀኝ፣ ተኩስ አቁሙ» አሉ በሬዲዮው። «ዛኔሌ፣ ተኩስ አቁሚ። ዶክ ደህና ናት።»

ሌቦቹ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሸሹ። ዛኔሌ በበረዶው ላይ እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ ያቀፈችኝ እኔን ነው፤ «አይጥዬ፣ አስደነገጥሽኝ» አለችኝ። ከዚያ የወደቀውን አየች። ጫማውን አየች፤ የእኛ ጫማ ነው። ተንበርክካ ብርድ ልብሱን ከፊቱ ገለጠች።

«የራስ ቁሩስ?» አለች። «የራስ ቁሩ የታለ?»

ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ በረዶው ላይ ተቀምጧል። አልተናገርኩም።

«ራሱ አውልቆት ይሆናል» አሉ ሞሎይ። «ብርድ የገባበት ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ በልጅነቴ አይቻለሁ። ብርድ ልብሱንም ከአንዱ ሬሳ ላይ ወስዶት ይሆናል።»

እውነት ነው፣ በብርድ የሚሞት ሰው ልብሱን ያወልቃል። መጽሐፍ ላይ ተምሬዋለሁ። ለዚህ ነው ዝም ማለት የቀለለኝ።

ማንድላንና ሦስቱን ሬሳዎች ይዘን ስንወርድ አራት ሰዓት ፈጀብን። ቃሬዛ ሁለት ብቻ ስለነበረን ታቦንና ጃኮብን በገመድ አስረን በረዶው ላይ አንሸራተትናቸው። ቦንጋኒን ዛኔሌ አላስነካም አለች፤ የቃሬዛውን ፊት ይዛ እስከ ታች አልቀየረችም። ሞሎይ ሁለት ጊዜ «ተቀየሪ» አሏት፤ ያልሰማች ሆነች።

ከእኛ ሦስት ሞቱ፤ ታቦ፣ ጃኮብ፣ ቦንጋኒ። ከእነሱ አምስት ሬሳ አገኘን፤ የደም ዱካ ግን ወደ ሌሶቶ በኩል በብዙ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ስማቸውን አላወቅንም። በሩ ውስጥ ከብቶቹ ቆመው ቀርተዋል፤ አንዳንዶቹ ቆመው ደርቀዋል። ማንድላ ዳነ። አሁን በምርኩዝ ይሄዳል፤ አንድ ልጅ ወልዷል። ሰዎች ግዳጁ ተሳክቷል ይሉናል፤ ቁስለኛ ልናወርድ ወጥተን ቁስለኛውን አውርደናል፤ አይደለም ማለት አልችልም። ግን አምስት ሰዓት ብቻውን ጫፉን ይዞ የቆየውን ሰው፣ ካገኘነው በኋላ የገደልነው እኛ ነን። «እኛ» የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መቶ አለቃው ቃል ተቀበሉ። ዛኔሌ ቀድማ ገባች፤ ሁለት ደቂቃ አልቆየችም። እኔ ስገባ ምን እንዳለች ነገሩኝ፤ «ሳላጣራ ተኮስኩ፤ ሌላ የምጨምረው የለም» ብላለች።

«አንቺ ቅርብ ነበርሽ፣ ዶክ። ብርድ ልብሱን እንዴት እንደለበሰ አይተሻል?»

«ማንድላን እያከምኩ ነበር፣ መቶ አለቃ።»

ውሸት አይደለም። መልስም አይደለም። ጻፉት።

በዚያች ማታ ዛኔሌ ከጎኔ ጋደም አለች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። ጠመንጃዋን ወስደውባት ነበር። ካልሲዋን እንደወትሮው ወረወረችልኝ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተሰለፍን። ሰማዩ ጠርቷል። ሦስቱን አስከሬኖች ወደ ጆሃንስበርግ የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ዛኔሌም ለምርመራ በእሱ ልትሄድ ዕቃዋን ይዛ ከሰልፉ ውጭ ቆማለች። መቶ አለቃው ወረቀቱን አነበቡ። ሟቹ በብርድ ራሱን ስቶ የራስ ቁሩን እንዳወለቀና የጠላት ብርድ ልብስ እንደለበሰ፣ አሥር አለቃ ዛኔሌም ማንነቱን ሳታጣራ እንደተኮሰች ይላል። እኔ ስለ ራሴ ምንም አላገኘሁበትም።

«የሚጨምር አለ?» አሉ። ወረቀቱን ማጠፍ ጀምረው ነበር።

ከሰልፉ ወጣሁ። ሁሉም አዩኝ።

«ብርድ ልብሱን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከጎጆዋ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። የራስ ቁሩን ያወለቅሁትም እኔ ነኝ። ከማልበሴ በፊት በሬዲዮ መናገር ነበረብኝ። ሬዲዮው ትከሻዬ ላይ ነበር። ጊዜም ነበረኝ። አልተናገርኩም። ዛኔሌ የተኮሰችው በታዘዘችው መሠረት ነው።»

ድምፄ እንዲያ ሊወጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር። የመኪናው ሹፌር ሳይቀር ሰምቶ ሞተሩን አጠፋ።

ዛኔሌ ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች። የምትመታኝ መሰለኝ፤ ብትመታኝም አልከለክላትም ነበር። በጣም ቀርባኝ ቆመች። አልጮኸችም።

«ትናንት ይህ ድምፅ የት ነበር?» አለችኝ።

እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ መልስ ጠበቀች። ስታጣ ተመልሳ ዕቃዋን አንሥታ መኪናው ላይ ወጣች።

መቶ አለቃው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። የመኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፌ ሁሉንም በሰዓቱና በደቂቃው ጻፍኩት፤ ፈረምኩ። ከዚያ ሳልጠየቅ ቦርሳዬን ይዤ ከኋላ ወጣሁ። ሦስቱ በመካከል በተርታ ተኝተዋል። ዛኔሌ በወዲያ በኩል ናት። ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እስከ ጆሃንስበርግ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው።